በሰባተኛው ስፌት የምታነክሰው መኪና

የካቲት 2

ዛሬ ሁለት የስፌት መኪና ጨርሼ አስረከብኩ። የአንደኛዋ ጨርቅ የሚጎትተው ጥርሷ አልቆ ነበር፣ ተቀየረ። ሁለተኛዋ ምንም አልሆነችም፤ ዘይት ብቻ ነው ያማራት። ባለቤቷ ግን ወር ሙሉ ስትታገላት ከርማለች። «ዘይት ብቻ?» አለችኝ፣ እንደተሰደበች ሁሉ።

እንደ ልማዴ መዘገብኳቸው። ይህ ደብተር ከፊት መኪኖቹ ናቸው፣ ከኋላ እኔ ነኝ። መሃል ላይ ስንገናኝ ያልቃል። መኪኖቹን በቁጥር አልጽፋቸውም፣ በድምፃቸው ነው የማውቃቸው። «ታስላለች።» «ስትጀምር ታቃስታለች።» ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ በዚህ ትስቅ ነበር። «ጆሮህ ከአፍህ ይሻላል» ትለኝ ነበር። ይህን ከሰማሁ አራት ዓመት ሆነኝ።

ምሳ ላይ የልጄ ስልክ ሦስት ጊዜ ጮኸ። አየችውና ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ደፋችው።

«ማነው?»

«ማንም።»

ማንም ሦስት ጊዜ ይደውላል?

የካቲት 4

አወቅኩት። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር?

ልጄ ግቢ ውስጥ ማሊያዋን ታሰጣለች። ስልኩ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ይጮሃል። «አባዬ፣ አጥፋልኝ!» አለችኝ። ልዘጋው ብዬ ከፈትኩት። የወንድ ድምፅ ነው። «ለሴት ልጅ ፊሽካ ምን ያደርግላታል» ያለው ከሁሉም ንጹሑ ነው። ሌላውን እዚህ አልጽፈውም። በዚህ ደብተር ከፊት የሐቀኛ ሰዎች መኪኖች አሉ።

አስቀምጬ ጠየቅኳት። ልጄ ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች፣ እሑድ እሑድ እግር ኳስ ትዳኛለች። ሁለት እሑድ ሆኖታል፣ አንዱን ዘጠኝ ቁጥር ለባሽ በቀይ ካርድ አስወጣችው። ከዚያ ወዲህ ነው። በቀን ሁለት፣ አንዳንዴ አምስት ጊዜ ይደውላሉ። ቁጥሩ አይወጣም። «የግል ቁጥር» ይላል። የግሉ ከሆነ ወደ ሰው ቤት ምን አመጣው?

ለካ ፀጉር አስተካካዩም ያውቃል፣ ባለ ሱቋም ታውቃለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው… ለዚያውም የኔ ጆሮ።

«እና ምን ታደርጊያለሽ?»

«አነሳና ‘ዳኛዋ ነኝ፣ ምን ልርዳዎት’ እላለሁ። መሳደብ ከጀመረ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው እበላለሁ። ጠረጴዛው ታጋሽ ነው።»

ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን ትጽፋለች። ደብተሯን አሳየችኝ። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። ደብተር መያዝን ከማን ወረሰች? ደስ አለኝ። በዚህ መሃል ደስ የሚለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

«ቁጥሩን የሚደብቀውን ሁሉ ዝጊበት» አልኳት። «ይቻላል አሉ።»

«አይሆንም አባዬ፣ እነዚያ ሰዎች ደግሞ—»

«ምን አይሆንም አለ!»

አላስጨረስኳትም።

በዚህ ወር መጨረሻ ግድም የዋንጫው ጨዋታ አለ። እስከ ዛሬ ሴት በመሃል ዳኝነት አጫውታው አታውቅም። ዘንድሮ ስሟ ከሦስቱ እጩዎች አንዱ ነው። ደዋዮቹ ይህን ሰምተዋል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ራሷ «ይቅርብኝ» እንድትል።

«ካርዱ ትክክል ነበር?» አልኳት። አባት ነኝ፣ መጠየቅ አለብኝ።

«በክርኑ የተከላካዩን ፊት መታ። ነገም ቢመታው ነገም አወጣዋለሁ።»

የእናቷ አገጭ ነው ያላት። ከፍ ሲል ክርክር የለም።

የካቲት 6

ጸለይኩ። ትዕግሥት ለመንኩ። የደዋዮቹ ምላስ እንዲታሰርም ለመንኩ። ሁለተኛውን መልሼ ወሰድኩት።

የካቲት 8

ተስማማን። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ስትሄድ ስልኩ እኔ ዘንድ ይውላል። ጆሮዋ ይረፍ።

«ግን አትመልስ አባዬ። ሰዓቱን ጻፍ፣ በቃ።»

«እሺ።»

የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍም ትታልኝ ሄደች። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው፣ አራተኛ ክፍል እንደተማርኩት። ቅጣት ምት ገባኝ። ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ሦስት ጊዜ አንብቤ አቃተኝ። ማታ እራት ላይ በክር ማጠንጠኛዎች አስረዳችኝ። «ቀዩ አጥቂ ነው፣ ነጩ ተከላካይ ነው፣ ጥቁሩ በረኛ።» ገባኝ አልኩ። አልገባኝም።

የካቲት 10

እሺ ያልኩት ሁለት ቀን ቆየ።

ከፈትኩት። አልተናገርኩም ግን! ሰማሁ ብቻ። መስማት መመለስ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንዱ ከአውቶቡስ ውስጥ ነው የሚጮኸው፣ በሩ ሲከፈት ይሰማል። አንዱ ጓደኞቹ አጠገቡ ሆነው ይስቃሉ። ሦስተኛው ዝም አለ። ትንፋሽ ብቻ ነው። ልጄ ስለዚህኛው ነግራኛለች። «ከተሳዳቢዎቹ ይልቅ እሱ ይከብደኛል» ብላኛለች። በየቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ይደውላል። አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ከትንፋሹ ኋላ ግን… የስፌት መኪና።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቆጠርኩ። ሰባተኛው ላይ አነከሰች። እንደገና ቆጠርኩ። ሰባተኛው ላይ።

ሰባተኛው ላይ የምታነክስ መኪና አንድ ናት፣ ያስነከስኳትም እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት የውስጧ ጥርስ ተሰበረ፣ መለዋወጫ ጠፋ። ብረት በየድኩና በሞረድ ጥርስ አወጣሁላት። የፀጉር ያህል አጠረብኝ። ትሰፋለች፤ ግን ሰባት በሰፋች ቁጥር አንዴ ዝቅ ትላለች። «ሌላ እስኪገኝ» ብዬ መለስኳት። ከፊተኛው ገጽ ላይ አለች፦ «ሰባተኛው ላይ ታነክሳለች። ሜትሮ።»

ሜትሮ የምንለው ከኛ ሁለት መንገድ አልፎ ያለውን ልብስ ሰፊ ነው። መለኪያው ከአንገቱ አይወርድም፣ ለቅሶ ቤትም ይዞት ይመጣል። እሱ ይቆርጣል፣ ሚስቱ ትሰፋለች። የሠርግ ልብሴን የቆረጠው እሱ ነው። የዛሬ አራት ዓመት የለበስኩትን ጥቁርም እሱ ነው የቆረጠው።

ዘጠኝ ቁጥሩ ደግሞ ልጁ ነው። እስከ ዛሬ አላገናኘሁትም ነበር።

የካቲት 11

ልንገራት? ቀኑን ሙሉ ይህን ስፈትል ዋልኩ።

የዋንጫው ጨዋታ ለሷ ቢደርሳት ዘጠኝ ቁጥሩ እዚያ ሜዳ ውስጥ ነው፣ ቡድኑ አልፏል። አባቱ በጆሮዋ ሲተነፍስ እንደከረመ ካወቀች… ወይ ፊሽካዋ ይከብድበታል፣ ወይ ‘ቂም የለኝም’ ለማለት ይቀልለታል። ሁለቱም ቀጥ ያለ አይደለም። ሚዛን ላይ ጣት አይደረግም።

አልነግራትም። እኔ ልሸከመው።

የካቲት 12

ቦርሳዬን ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ሚስቱ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፣ እሱ ሱሪ ይቆርጣል።

«ውይ ጋሼ! ሳንጠራዎት?» አለች ሚስቱ።

«ጥርሷ ተገኘ። ከሞተች መኪና አወጣሁት። ልቀይርላት።»

ተነሳችልኝ። ከፈትኳት። ብሎኖቹን በክዳኑ ላይ ደረደርኩ። ሜትሮ ሰላም ብሎኝ ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ዓይኑን አላየሁትም። እጄን እያየሁ ተናገርኩ።

«ይቺ መኪና ሰባተኛው ላይ ታነክሳለች። ትንሽ ድምፅ ናት። ግን ሩቅ ትሄዳለች። ስልክ ውስጥ እንኳ ትሰማለች።»

መቀሱ ቆመ።

ሚስቱ ሳቀች። «እኔ እኮ ስነግረው ኖሬያለሁ ጋሼ! ታነክሳለች ስለው ‘አንቺ ነሽ የምታነክሺው’ ይለኛል።»

«እሷ አይደለችም ያነከሰችው» አልኩ።

ጨርሼ ዘይት ቀባኋት። ሚስቱ ሞከረቻት። እንደ ውሃ ሄደች። ሜትሮ እስከ በር ሸኘኝ። መለኪያውን በሁለት እጁ ይዞታል፣ ሰው የሚቀማው ይመስል።

«አንድ ቃል አልተናገርኩም እኮ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እሱን ነው የሰማሁት።»

ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ አየና «ልጁ ሦስት ቀን አልበላም ነበር… ምን እንደያዘኝ እንጃ። እደውልና የምለው ይጠፋኛል» አለ።

«ልጄ አንተ መሆንህን አታውቅም። አልነግራትምም። ልጅህን እንደ ማንም የሰው ልጅ ትዳኘው።»

ሄድኩ። ወደ ኋላ ያየሁት ከመታጠፊያው በኋላ ነው።

የካቲት 13

አሥር ሰዓት ሆነ። አልደወለም። ልጄ ደብተሯን አይታ «ዝምተኛው ዛሬ ቀረ» አለች። «ደክሞት ይሆናል» አልኩ። መንገዱ የኔ እንደሆነ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ዳቦ ገዝቼ መጣሁ። በጆሮዬ ብቻ ሰው ያዝኩ! ያለ ፖሊስ፣ ያለ ጠብ።

አምላኬ ሆይ፣ ትዕቢቴን ውሰድልኝ። ጥቂት ግን እስከ ነገ ተውልኝ።

የካቲት 15

ተወልኝ። አየሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ስልኩ ጮኸ፣ ቁጥር የለውም። አነሳሁት። ከኋላ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ ሁለት ወንዶች ይስቃሉ። የሚስቁት እነዚያ ናቸው ብዬ ወሰንኩ። አዋቂው ጆሮዬ ወሰነ።

«ሄሎ፣ ዳኛዋን ፈልጌ ነበር፣ ስለ ጨዋታው—»

አላስጨረስኩትም። «አንተ ስም የለሽ! ቁጥርህን እንደ ሌባ ፊት ሸፍነህ የሰው ልጅ ታስጨንቃለህ? እናት አላሳደገችህም? ምላስህን ይቆልፈው! ልጄ ለናንተ ጨዋታ አትወጣም፣ ሂድና ለላከህ ንገር!»

ከኋላ ያለው ሳቅ ቆመ። «መልሱ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው!»

«እሺ። እንመዘግባለን።»

ዘጋ። እያፏጨሁ ሥራዬን ቀጠልኩ። እራት ላይ ለልጄ እንደ ጀብዱ አወራሁላት፣ ድምፄን ከነቁጣው። ‘እንመዘግባለን’ ስል ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ።

«አባዬ… ተሳዳቢ ይመዘግባል?»

ለካ ዳኞችን ለጨዋታ የሚመድቡት ሰዎች ናቸው። የመሥሪያ ቤታቸው ስልክ ቁጥር አያወጣም። «ዝጊበት» ያልኳት ዕለት ልትነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነው፣ አላስጨረስኳትም። የዋንጫውን ጨዋታ ሊሰጧት ነው የደወሉት።

አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ በተሻለኝ። ሳህኗን አጥባ ገባች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ… ጆሮህ ከአፍህ ይሻላል ትለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ስለ ጆሮዬ አልነበረም የምትነግረኝ።

የካቲት 16

ጧት ሻይ አፈላሁላት። «አብረን እንሂድና እግራቸው ላይ እወድቃለሁ» አልኳት።

«እኔ አልሄድም።»

«ልጄ—»

«ያጠፋ ሰው ነው የሚቀርበው። እኔ ብሄድ ‘ለመነች’ ይሉኛል። አንተ ከሄድክ አባት ተሳሳተ፣ አለቀ።» ከዚያ ጫማዋን እያሰረች «ደግሞ እግራቸው ላይ አትውደቅ። ቆመህ ተናገር» አለች።

የዳኞቹ ዝርዝር በ19 ይለጠፋል። ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ከአንድ ጀምሬ አነበብኩ፣ በማስመሪያዬ። ስለ ዳኛ በሚለው ክፍል አንድ ነገር አገኘሁ። በእርሳስ አሰመርኩበት። የሰው መጽሐፍ ላይ ማስመር ደግ አይደለም፣ ግን አሰመርኩ።

የካቲት 17

ሦስተኛ ፎቅ። የወንበሩ ቆዳ ተሰንጥቋል፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ዋንጫዎች አቧራ ለብሰው ቆመዋል። መዳቢው መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። በድምፁ አወቅኩት።

«ምን ልርዳዎት አባት?»

«ከትናንት በስቲያ በስልክ የተናገርኩዎት እኔ ነኝ።»

«የትኛው?»

«ምላስህን ይቆልፈው ያልኩት።»

መነጽሩን አወለቀ። ወደ ጎን ክፍል ተጣራ፦ «ና እያቸው፣ መጥተዋል!» ለካ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሲያወራኝ ሰንብቷል። አንድ ወፍራም ሰውዬ በሩ ላይ መጥቶ እጁን በአክብሮት አፉ ላይ አደረገ። «ምላሳችን ገና አልተከፈተም» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ።

ከዚያ ፊቱን ሰብሰብ አደረገ። «ግን አባት፣ ተጽፏል። ‘በአባቷ በኩል አልፈልግም ብላለች’ ይላል። ጨዋታው ለሌላ ሊሰጥ ነው።»

መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ገጹን አልሳትኩትም።

«እዚህ ጋ፣ ዳኛ የወሰነው ስህተት መሆኑን ካወቀ ጨዋታው ሳይቀጥል መለወጥ ይችላል ይላል። ዝርዝሩ ተለጥፏል?»

«አልተለጠፈም።»

«እንግዲያ ጨዋታው አልቀጠለም።»

አየኝ። መጽሐፉን አየው። የእርሳሱን መስመር አየው። «ማን ነገረዎት ይህን?»

«ተጽፎ አገኘሁት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፣ ንባብ ግን አላቆምኩም።» ከዚያ ያላሰብኩት ወጣ፦ «ልጄ ስድሳ አንድ ጊዜ ተደውሎባታል። ቁጥራቸው አይወጣም፣ የናንተም አይወጣም። በምን ልለይ? ስድሳ አንዱንም መዝግባዋለች። አንድ ልምምድ አላስቀረችም።»

«ለኛ እኮ አልነገረችንም።»

«እሷ አታማርርም። ትጽፋለች።»

ተስፋ አልሰጠኝም። ግን እስከ ደረጃው ሸኘኝ።

የካቲት 19

ተለጠፈ። የመሃል ዳኛ፦ የልጄ ስም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ማስመሪያ ስላልነበረኝ በጣቴ።

የካቲት 21

ሜዳው ሞልቷል። ጋዜጣ አንጥፌ ተቀመጥኩ። ሜትሮ ከኔ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ነው፣ ሚስቱም አጠገቡ። ልጄ ኳሱን በክንዷ ይዛ ወጣች። ሃያ ሁለት ሰው ከኋላዋ። እናቷ ይህን…

አጠገቤ ያለው ሰው ገና ሳይጀመር «ዳኛዋ ሴት ናት፣ አለቀልን» አለ። ትንሽ ቆይቶ «አባቷ ማን ይሆን፣ ዝም ብሎ የሚያያት?»

«እኔ ነኝ።»

አፈረ። ከዚያ ወንበር ላይ የሚያነጥፈውን ትራስ ግማሹን ገፋልኝ። ጨዋታውን ሙሉ አልተናገረም፣ አንዴ ብቻ «ሩጫዋ ጥሩ ነው» አለ።

ሰባኛው ደቂቃ። ዘጠኝ ቁጥሩ ኳስ ይዞ ገባ፣ ወደቀ። ግማሹ ሜዳ «ፍጹም ቅጣት!» ግማሹ «ውሸታም!» ሜትሮ ከመቀመጫው ብድግ አለ፣ እንደገና ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሲጮህ እሱ ብቻ ዝም። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ።

እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። አምስት እርምጃ ላይ ነበረች። ፊሽካዋን ነፋች፣ ክንዷን ወደ ነጥቡ ዘረጋች። ለሜትሮ ልጅ ሰጠችው። እግሩን ነው ያገኙት፣ እኔም አይቻለሁ። ከበቧት፣ ጮኹባት። ክንዷ አልወረደም። ከጨዋታ ውጪ የሚባለው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ይህ ግን ገባኝ።

ልጁ ራሱ መታው። ብረቱን መታ፣ ወጣ። ቡድኑም አንድ ለዜሮ ተሸነፈ። እግዜር የራሱ ቀልድ አለው።

ሰው ሲወጣ ሜትሮን አየሁት። መለኪያውን ከአንገቱ አውርዶ እየጠቀለለ ኪሱ ከተተው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንገቱን ባዶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ትዕቢት ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ። ማታ ስጸልይ ይቅርታ ልጠይቅበት ተንበረከክሁ። ያወጣሁት ቃል ግን ምስጋና ብቻ ሆነ። አንድ እንደሆኑ እሱ ያውቃል።

የካቲት 23

መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ስልኳ ጮኸ። አሥር ሰዓት። ቁጥር አለው።

አወቅኩት ቁጥሩን፣ ከፊተኛው ገጽ ላይ ከሜትሮ ስም ጎን አለ።

አላነሳሁትም። እየጮኸ ይዤው ግቢ ወጣሁ። ጫማዋን ታጥባለች።

«ማነው?»

«ቁጥሩ ወጥቷል። ማንነቱን ራሱ ይንገርሽ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሄሎ። አዎ፣ ዳኛዋ ነኝ። ምን ልርዳዎት?» ከዚያ ብዙ ሰማች። አንዴ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። ወደኔ ዞረች። «አባቴ? ኧረ ምንም አልነገረኝም… እሺ ጋሼ። አይ፣ አያልቅሱ። እሺ።»

ከጎኗ ቆሜ ነበር። ልሰማ አልቆምኩም… ቆምኩ። ከድምፁ ኋላ መኪናዋ ትሰፋለች። ሚስቱ አጠገቡ እያለች ነው የሚናገረው ማለት ነው። ሳላስበው ቆጠርኩ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ…

ልጄ ዘጋችው። ጫማዋን አንስታ ትንሽ ፈተገች።

«ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

«ከጨዋታው በፊት?»

«አዎ።»

ጫማዋን ግድግዳው ሥር አቆመች። ከዚያ «ለሱ የቃል ማስጠንቀቂያ ሰጥቼዋለሁ» አለች። «ላንተ ግን ምን እንደምሰጥህ አላውቅም።» አገጯ ከፍ ብሏል። ዓይኗ ግን ረጥቧል።

ገባሁ። ደብተሩን ከፊት ገልጬ ቦታውን አገኘሁት። «ሰባተኛው ላይ ታነክሳለች» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ። አጠገቡ ጻፍኩ፦ «ድናለች።»